የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም

በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ፅንስ የመጨንገፍ ዕድሉ ከኋለኞቹ ወራት የላቀ ነው። በመሆኑም ፅንሱ ከራስ እስከ መቀመጫ ያለው ርዝመት፣ የእርግዝና ከረጢቱ አማካይ ዲያሜትርና የልብ ምቱ ፍጥነት የእርግዝናውን ዕጣ አስቀድሞ ለመገመት ያገለግላሉ። ይሁን እንጂ መገመትና ማረጋገጥ የተለያዩ ተግባራት ናቸው፤ በምርመራ ውጤት ላይም ሊቀላቀሉ አይገባም።

የመለኪያዎቹ ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። በብሪታንያ 6 ሚሊ ሜትር ደርሶ የልብ ምት ያልታየበት ፅንስ፣ ወይም 20 ሚሊ ሜትር ደርሶ ባዶ የሆነ ከረጢት፣ እርግዝናው ለመቋረጡ በቂ ማስረጃ ተደርጎ ይወሰድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተሙ ጥናቶች በእነዚህ ወሰኖች በሕይወት ያለ ፅንስ እንደ ሞተ ሊቆጠር እንደሚችል አሳዩ። ወሰኖቹም ወደ 7 እና 25 ሚሊ ሜትር ከፍ አሉ፤ በ2013 የታተመው የአሜሪካ ባለሙያዎች ጉባኤ ስምምነትም እነዚሁኑ ተቀበለ። ጥቂት ሚሊ ሜትር የሕይወትና የሞት ልዩነት ሆና ተገኘች።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ የባሰ ጥንቃቄ ይሻል። ብዙ እናቶች የመጨረሻ የወር አበባቸውን ቀን የሚያስታውሱት በበዓል ወይም በጾም መግቢያ ነው፤ የተናገሩት ቀን ደግሞ ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይለወጣል። በስሌቱ ጳጉሜን ብትዘነጋ እንኳ የ5 ወይም የ6 ቀን ስሕተት ይፈጠራል። በዚህ ወቅት ፅንሱ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ጤናማው የ6 ሳምንት ፅንስ 7 ሳምንት ሞልቶታል ተብሎ ሲለካ ዕድገቱ የቆመ ይመስላል። በተጨማሪም ወሰኖቹ የወጡት በብልት በኩል ለሚደረግ ምርመራ ነው። በሆድ ላይ ብቻ ለተመረመረችና የልብ ምት ላልታየላት ሴት የእንግሊዝ ብሔራዊ መመሪያ ቢያንስ ከ14 ቀን በኋላ ምርመራው እንዲደገም ያዛል።

ከሩቅ ገጠር የመጣች እናት ለድጋሚ ምርመራ ላትመለስ ትችላለች የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ብርቱ ደም መፍሰስ፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ወይም ከማሕፀን ውጪ እርግዝና የተጠረጠረባት ሴትም ቀጠሮ ሳይሆን አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋታል። ሌላ አደጋ በሌለበት ግን መጠበቅ የሚያስከፍለው የጥቂት ቀናት ጭንቀት ነው፤ መቸኮል የሚያስከፍለው ግን የማይመለስ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ውጤት ልኬቱን፣ የምርመራውን መንገድና የዕድሜ ስሌቱን መነሻ ሊይዝ፣ «የተጠረጠረ» እና «የተረጋገጠ» የሚሉትንም በግልጽ ሊለይ ይገባል። ጥርጣሬ ሲኖር የድጋሚ ምርመራው ቀንና እናቲቱን ወዲያው ሊያስመልሷት የሚገቡ ምልክቶች በምትረዳው ቋንቋ ይጻፉላት። ይህን ለማድረግ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም።