አያታችን ባላባት ነበሩ? እስቲ ወረቀቱ ይታይ



አቦምሳ ላይ የሞተ አያት ሁሉ ሹም ነው። የአንዱ ባላባት፣ የሌላው ቃዲ፣ የሦስተኛው የአርባ ጉጉ አውራጃ ገዥ ቀኝ እጅ። አያቴ ጭሰኛ ነበሩ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመንም። ታዲያ ያን ሁሉ መሬት ማን ሲያርሰው ኖረ?

ጨዋታ ብቻ ቢሆን ዝም ባልን። ግን ኒካሕ ሊታሰር ሲል «እኛ የሹም ዘር ነን» ተብሎ ዲኑና አኽላቁ የተመሰከረለት ወጣት ይመለሳል። የመስጂድ ኮሚቴ ሲመረጥ ከሰውየው አማና በፊት አያቱ ይቆጠራሉ። በወሬ ሰው ሐቁን የሚያጣ ከሆነ ማስረጃ መጠየቅ ሽማግሌን መድፈር አይደለም። ሱረቱል ሑጁራት ወሬን እንድናጣራም፣ ጎሳ የተደረግነው ልንተዋወቅ እንደሆነም አስተምራናለች።

ማጣራት ደግሞ የዑለሞቻችን ሙያ ነው። በ5ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የኸይበር ሰዎች ጂዝያ እንደተነሳላቸው የሚገልጽ፣ ሶሐቦች የመሰከሩበት የተባለ ደብዳቤ ለወዚሩ ቀረበ። ወዚሩ ለአል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ (ረሒመሁላህ) አሳያቸው። ሐሰት ነው አሉ። ለምን? ምስክር ከተባሉት ሙዓዊያ የሰለሙት መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመት ነው፤ ኸይበር ግን በ7ኛው ተከፍታለች። ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ ደግሞ ቀድመው በ5ኛው ዓመት ሞተዋል። ወረቀት እንኳ ይዋሻል፤ ዓመተ ምሕረት ነው ያጋለጠው።

ይህንኑ ሚዛን ወደ ሰፈራችን እናምጣው። በአርሲ የባላባትነት ሹመት የመጣው የምኒልክ ጦር በ1870ዎቹ መጨረሻ አገሩን ከያዘ በኋላ ነው፤ መሬቱ ሲለካ ለባላባቱ ሲሶ ይባል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ነገሩ አበቃ። «አያታችን ከምኒልክ እስከ ደርግ ባላባት ነበሩ» የሚል ሰው ወደ 90 ዓመት የሚጠጋ ሹመት እየነገረን ነው! አባትና ልጅ፣ ምናልባትም የልጅ ልጅ፣ ተጨፍልቀው አንድ ሰው ሆነዋል ማለት ነው።

ቃዲም እንዲሁ። የቃዲዎችና የናኢባዎች ምክር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 62 የወጣው በ1936 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሰው በዒልማቸው አምኖባቸው የዳኙ ሸይኽ ክብራቸው ትልቅ ነው፤ የእሳቸውን የሹመት ደብዳቤ ከመፈለግ ግን የፈረዱበትን የውርስ ወይም የኒካሕ ወረቀት መፈለግ ይሻላል።

ከቤት ሳጥን ጀምሩ። የድሮ የግብር ደረሰኝ ካለ ስሙ የከፋይ ነው ወይስ የሰብሳቢ? ጸሐፊዎች የኦሮሞና የዐረብ ስም እንደ ጆሯቸው ስለሚጽፉ ሑሴን፣ ሁሴን፣ ሁሰን ብላችሁ ፈልጉ። ሁለት ሽማግሌ ስትጠይቁ አንድ ላይ አስቀምጣችሁ አይሁን፤ ለየብቻ ጠይቁ። ቀጥሎ የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ወመዘክር።

«ሹመቱ እውነት ሆኖ ቢገኝስ?» ትሉን ይሆናል። እሰየው! ግን ባላባት ከገዛ ወገኑ ግብር እየሰበሰበ ለመንግሥት የሚያስረክብ ሰው ነበር። የሹመቱን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ቀጣዮቹንም ገልጡ፤ የከሰሱት ገበሬዎች ስም ካለ እሱንም አብራችሁ አንሱ። የእነሱም የልጅ ልጆች እዚሁ አቦምሳ ከእኛ ጋር በአንድ ሶፍ ይሰግዳሉ።

ወላሁ አዕለም።