ከሜታኖል በፊት ወደ ዝቃጩ እንመልከት

ናይትሮጅንን ከፍሳሽ ስለማስወገድ ስንወያይ ትኩረታችን በአብዛኛው በአየር አቅርቦት ላይ ነው። ይሁን እንጂ አየር አሞንያን ወደ ናይትሬት ከመለወጥ አያልፍም። ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን የሚሠሩት ኦክስጅን በሌለበት ሲሆን፣ በቀላሉ የሚጠቀሙበት ካርቦንም ይሻሉ። 1 ግራም የናይትሬት ናይትሮጅን ለማስወገድ ቢያንስ 2.86 ግራም ኬሚካዊ የኦክስጅን ፍላጎት ያለው ካርቦናዊ ምግብ ያስፈልጋል፤ የባክቴሪያዎቹ እድገት ሲታከልበት መጠኑ ከዚህም ይልቃል። ፍሳሹ ይህን ካላሟላ የተለመደው መፍትሔ ሜታኖል መግዛት ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የታነጸው የቃሊቲ ጣቢያ ፍሳሹን በቅድሚያ ኦክስጅን በሌለው ገንዳ ያሳልፋል። ይህ ዓይነቱ አሠራር ኃይል ይቆጥባል፤ ነገር ግን ካርቦኑን ወደ ሚቴን ለውጦ አሞንያውን ስለሚያሳልፍ፣ ናይትሮጅንን ለማስወገድ ሲታሰብ የካርቦን እጥረት ይገጥመዋል። በአባ ሳሙኤል ግድብ ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ የናይትሮጅንና የፎስፎረስ ክምችት ምን እንደሚያስከትል ይመሰክራል።

በእኔ እምነት፣ ለወደፊቱ ማስፋፊያ ሲነደፍ በውጭ ምንዛሪ ከሚገዛ ሜታኖል በፊት ዝቃጩ ሊታሰብ ይገባል። ጥሬ ዝቃጭ ለጥቂት ቀናት ሲብላላ እንደ አሴቲክና ፕሮፒዮኒክ ያሉ አሲዶችን ይሰጣል። ሚቴን አምጪዎቹ ተሕዋስያን አዝጋሚ እድገት ስላላቸው፣ ቆይታውን በማሳጠር አሲዱን ሳይበሉት ማትረፍ ይቻላል።

ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሦስቱም እውነትነት አላቸው። አንደኛ፣ ለአሲድ የዋለ ካርቦን ሚቴን አይሆንም። ሁለተኛ፣ ማብላላቱ ራሱ አሞንያና ፎስፎረስ ይለቃል፤ ስለዚህ መለኪያው የተገኘው አሲድ ብቻ ሳይሆን፣ ተመልሶ የሚገባው ናይትሮጅን ተቀንሶ የሚቀረው ጥቅም ነው። ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ከሌለው ገንዳ የሚወጣው ዝቃጭ አስቀድሞ የተብላላ በመሆኑ የሚሰጠው አሲድ ጥቂት ነው። በመሆኑም ከጥሬው ደቃቅ ከፊሉ ከገንዳው በፊት መለየት አለበት፤ ይህም ከግንባታ በኋላ ሳይሆን በንድፍ ጊዜ የሚወሰን ነው።

እኔም ራሴ የመጀመሪያ ሙከራዬን ያካሄድሁት በንጹሕ ሶዲየም አሴቴት ነበር፤ ውጤቱ አማረ፣ ስለ ከተማችን ዝቃጭ ግን ምንም አልነገረኝም። የመመረቂያ ጥናቶቻችን ከእውነተኛው ዝቃጭ ቢጀምሩ፣ ነዳፊዎች በልበ ሙሉነት የሚጠቀሙበት ቁጥር ልንሰጣቸው እንችላለን።