ኑሮና ሒሳብ፦ ርካሽ ቤት ስንት ያወጣል?



ባለፈው ሳምንት ስለ ደረሰኝ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ እንነጋገራለን። «እኛ የገጠር ሰዎች ነን፤ ቤታችንን ሠርተን እንኖራለን፤ ኪራይ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ግን ልጁ ወይም ወንድሙ አዲስ አበባ ያልገባ ማን አለ? ነገ እናንተም ልትሄዱ ትችላላችሁ። መሀል ከተማ ኪራይ ውድ ነው። ስለዚህ አዲስ የሚገባ ሰው ወደ ዳር ይሄዳል። እኔ ያደግሁት በከተማው ዳር ነው። የምነግራችሁ በቤታችን ያየሁትን ነው።

ሰፈሬ ጀሞ ይባላል። በአዲስ አበባ ደቡብ በኩል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ቀድሞ የገበሬ ማሳ ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ መንግሥት በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ማሠራት ጀመረ። ኮንዶሚኒየም ማለት ብዙ ቤተሰብ አንዱ ከአንዱ በላይ የሚኖርበት ፎቅ ነው። ቤቱ የሚታደለው በዕጣ ነበር። ጀሞም ብዙ ፎቅ ተሠራ። ዕጣ የወጣለት ሁሉ ግን አልገባበትም። የባንክ ዕዳ ስላለበት ቤቱን አከራየ። ተከራዩም አንዷን ክፍል መልሶ ለሌላ አከራየ። ድሀ የሚገባው በዚህች ክፍል ነው፤ ወይም በየግቢው ውስጥ በተሠራች አንዲት ክፍል ነው።

እናቴ ከገጠር የመጣች ሴት ናት። እኔን ያሳደገችኝ ጉልት ተቀምጣ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጣ ነው። መጀመሪያ ፒያሳ አጠገብ ነበር የምንኖረው። አትክልት ተራ ያኔ ፒያሳ ነበር። እናቴ ጠዋት በእግሯ ሄዳ ትገዛለች፤ ተሸክማ ትመጣለች። በ2009 ዓ.ም. አንድ ደላላ መጣና «ጀሞ ርካሽ ቤት አለ» አላት። የነበርንበት ክፍል በወር 1,500 ብር ነበር። የጀሞው 900 ብር ነበር። እናቴ ደስ አላት። «በወር 600 ብር ተረፈን» አለች። ዕቃችንን ጭነን ሄድን።

ታዲያ 600ው ብር ተረፈ ወይ? እስቲ አብረን እንቁጠር።

እናቴ አሁን ከጀሞ እስከ ፒያሳ በታክሲ መሄድ አለባት። መጀመሪያ እስከ ሜክሲኮ፣ ከዚያ እስከ ፒያሳ። መሄጃ 8 ብር፣ መመለሻ 8 ብር ትከፍላለች። የሽንኩርቱ ማዳበሪያ ደግሞ ቦታ ይይዛል። ረዳቱ «እማማ፣ የማዳበሪያውም ሒሳብ!» ይላታል። ለማዳበሪያው 6 ብር ትጨምራለች።

በቀን፦ 8 + 8 + 6 = 22 ብር።
በወር 26 ቀን ትሠራለች፦ 22 × 26 = 572 ብር።

ውሃም አለ። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲጠፋ በጀሪካን እንገዛለን። ይህ በወር 40 ብር ወሰደ።

572 + 40 = 612 ብር።

አያችሁ? በኪራይ 600 ብር አተረፍን፤ በመንገድና በውሃ 612 ብር ከፈልን። ርካሹ ቤት በወር 12 ብር አከሰረን።

ሰዓትም ይቆጠራል። እናቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ትነሳ ነበር። በቀን 2 ሰዓት መንገድ ላይ ይጠፋል። 2 × 26 = 52 ሰዓት። በወር ከሁለት ቀንና ከሁለት ሌሊት በላይ ማለት ነው። ይህን ደላላው አልነገረንም። እኛም አልጠየቅንም።

ይህን የምለው ዳር መኖር መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ጀሞ ነፋሻ ነው። ሰው ስለበዛ ጉልቱም ይሸጥ ነበር። ኋላም አንድ ነገር ሆነ። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሃይሌ ጋርመንት መጣ። ሃይሌ ጋርመንት እዚያው በእኛ ክፍለ ከተማ ነው። ለእናቴ አንድ ታክሲ በቃት። እንቅልፏንም አገኘች። እኛ ከጀሞ አልወጣንም፤ ገበያው ወደኛ ቀረበ። ቤታችን በእውነት ርካሽ የሆነው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ የቤት ዋጋ ኪራዩ ብቻ አይደለም። ከቤት እስከ እንጀራችን ያለው መንገድም ዋጋ ነው።

ለቡ ትልቅ የባቡር ጣቢያ አለ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ነበር። ደላላ ይህን እያሳየ «ባቡር አጠገብ ነው» ሊላችሁ ይችላል። ያ ባቡር ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ነው። የከተማው ባቡር ሌላ ነው፤ የተሠራውም ወደ ቃሊቲ፣ ወደ አያትና ወደ ጦር ኃይሎች ነው፤ ጀሞ አይደርስም። ስለዚህ «መንገድ አለ» ሲሏችሁ «ወዴት የሚሄድ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ።

ጀሞ ስንገባ የኪራይ ውል ተጻፈ። እናቴ ያኔ ማንበብ አትችልም ነበር። እኔ 13 ዓመቴ ነበር፤ ማንበብ እችላለሁ። ነገር ግን «አንተ ልጅ ነህ፤ ውጭ ተጫወት» ተባልኩ። ደላላው አነበበላት። «እስከፈለግሽ ትኖሪያለሽ ነው የሚለው» አላት። እናቴ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አከራዩ «ቤቱን ልቀቁ» አለ። እናቴ «እንዴ! እስከፈለግሽ ትኖሪያለሽ ተብዬ የለም ወይ?» ብላ ወረቀቱን ከሣጥን አወጣች። ለእኔ ሰጠችኝ። «አንብብላቸው» አለችኝ። አነበብኩ። «አከራዩ በፈለገ ጊዜ በ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ቤቱን ያስለቅቃል» ይላል። ከሥሩ የእናቴ ጣት አለ። ደግሜ አነበብኩት። ያው ነው። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችው። በዝናብ ፍራሻችንን ተሸክመን ወጣን። እዚያው ጀሞ ሌላ ክፍል ፈለግን።

ዛሬ ሕግ አለ። በ2016 ዓ.ም. ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ወጣ። ቁጥሩ 1320/2016 ነው። ዋና ዋናው ይህ ነው።

1. ውል በጽሑፍ ይደረጋል፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል።
2. የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም።
3. አከራይ ከ2 ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም።
4. ኪራይ የሚጨመረው መንግሥት በየዓመቱ በሚያስታውቀው ልክ ነው።

አዋጁ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል። በክልል ከተሞች ግን ክልሉ እንደወሰነው ነው። ከጀሞና ከለቡ ትንሽ አለፍ ሲሉ የሸገር ከተማ ይጀምራል። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመ የኦሮሚያ ክልል ከተማ ነው። መንገዱ አንድ ነው፤ አስተዳደሩ ግን ሁለት ነው። ስለዚህ ቤት ስታዩ «ይህ ግቢ በየትኛው አስተዳደር ሥር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መታወቂያም፣ ውል ማስመዝገቢያም ከዚያ ነው የሚገኘው።

መሬት ገዝቶ ለመሥራት የሚያስብ ደግሞ አብልጦ ይጠንቀቅ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። በዳር ሰፈሮች ግን በመንደር ውል ቦታ የገዛ ብዙ ነው። ካርታ የለውም። በሌሊት ተሠርቶ የሚያድረውን ቤት ሰው «የጨረቃ ቤት» ይለዋል። በሰኔ 2008 ዓ.ም. በዚሁ ክፍለ ከተማ በሃና ማርያም በኩል እንዲህ ያሉ ቤቶች እንዲፈርሱ ሆነ። ግጭት ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ብዙ ሰው በሬውን ሸጦ ያመጣውን ገንዘብ እንደዚህ ባለ ቦታ ላይ ያፈስሳል። «ካርታው የት አለ?» ማለት ነውር አይደለም።

እናቴ ባለፈው ዓመት ውል አደሰች። አሁን ማንበብ ትችላለች። ትምህርቱን የጀመረችው ከእናንተ ከብዙዎቹ ዘግይታ ነው። አከራዩ ወረቀቱን ሰጣት። እኔ «ላንብብልሽ?» አልኳት። «ተወኝ» አለች። ጣቷን በፊደሉ ላይ እያስኬደች አነበበች። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። አከራዩ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። «ስንት ቀን ነው? እዚህ አልተጻፈም» አለች። ተጻፈ። ከዚያ ስሟን ጽፋ ፈረመች።

እናቶች፣ አባቶች፣ ቀስ ብሎ ማንበብ አያሳፍርም። «ቶሎ ፈርሙ» የሚላችሁን ሰው «ቆይ፣ ልጨርስ» በሉት።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ባንክ ደብተር እንነጋገራለን። ደህና ሰንብቱ።

የቃላት ፍች
ውል = ሁለት ሰዎች ተስማምተው የሚፈርሙበት ጽሑፍ
ቅድሚያ ክፍያ = ቤቱ ውስጥ ሳይኖሩ አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ
ማስጠንቀቂያ = አንድ ነገር ከመሆኑ በፊት የሚሰጥ ማስታወቂያ
ካርታ = የቦታ ባለይዞታነትን የሚያሳይ ወረቀት

ጥያቄዎች
1. የጀሞው ቤት በ2009 ዓ.ም. በእውነት ርካሽ ነበር ወይ? ለምን?
2. አንድ ሰው ዳር በመኖሩ በኪራይ 2,000 ብር ያተርፋል። ለመንገድ በቀን 60 ብር ይከፍላል። በወር 26 ቀን ይሠራል። ስንት ብር ይተርፈዋል?
3. በቤታችሁ ያለ አንድ ወረቀት አውጡ። የፈረማችሁበትን ፈልጉ። ምን ይላል? አንብባችሁ ለጎረቤት ንገሩ።