አገር በምን ይታወቃል? ስለ መንዝ፣ ስለ ግሼና ስለ መርሐ ቤቴ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ከሌላ አገር ሰው ጋራ በተቀመጠ ጊዜ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው «አገርዎ ወዴት ነው?» ተብሎ ነው። ይህን ከመለሰ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ እርሱም «አገርዎ በምን ይታወቃል?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚያጣ የለም፤ በሁለተኛው ግን ብዙ ሰው ይቸገራል። የግብጽ ሰው ፒራሚዱን፣ የፈረንሳይ ሰው በ1881 ዓ.ም. በፓሪስ የቆመውን የብረት ግንብ፣ የስዊስ ሰው ሰዓቱንና አይቡን ይጠራል። የእኛም ሰው አክሱምን፣ ላሊበላንና ጎንደርን ለመጥራት አይዘገይም። ነገር ግን የተጠየቀው የመንዝ ወይም የግሼ ተወላጅ እንደ ሆነ፣ ጥቂት ያስብና «ብርድ አለን» ብሎ ይሥቃል። ቀልዱ መልካም ነው፤ ብርዱም እውነት ነው። ሆኖም በዚያ ብርድ ውስጥ ምን እንደ ተሠራና ምን እንደ ተጠበቀ ልጆቻችን ሳያውቁ የቀሩ እንደ ሆነ፣ ነገ እንግዳ ሲጠይቃቸው ከሣቅ በቀር የሚመልሱት አይኖራቸውም።

አስቀድመን አገሩን እንይ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 130 ኪሎሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሄደ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን ያገኛል። ከዚያም አልፎ ጣርማ በር አጠገብ ሲደርስ ትልቁ ጎዳና ወደ ደብረ ሲና ቆላ ሲወርድ፣ ሌላው መንገድ ደጋውን ይዞ በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ይወስደዋል። ይህ መንዝ ነው። መንዝም ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የተከፈለ ነው፤ ስሞቹም አገሩን ቀድመው ያቀኑ የሦስት አባቶች ስሞች እንደ ሆኑ ይነገራል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሸዋን መንግሥት የመሠረተው ነጋሲ ክርስቶስ የተነሣው ከጌራ ምድር፣ አጋንቻ ከምትባለው ስፍራ ነው። ከእርሱ ዘር ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ ከእርሳቸውም ልጅ ዳግማዊ ምኒልክ ተወለዱ። እንግዲህ አንኮበርም ሆነ አዲስ አበባ ሥራቸው ቢቆፈር ከዚህ ደጋ ይደርሳል ማለት ነው።

ከመንዝ በስተ ሰሜን ግሼ አለ። በዚህ ስም ላይ የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸውና አንድ ቃል ልናገር፤ ግሼ ሌላ፣ ግማደ መስቀሉ ያለበት ግሼን ሌላ ነው። ግሼን ደብረ ከርቤ ያለችው በወሎ፣ በአምባሰል ነው። በጽሕፈት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የአንዲት «ን» መጨመርና መቅረት ሰውን የስንት ቀን መንገድ እንደምታስኬድ ልናውቅ ይገባናል። መርሐ ቤቴ ደግሞ በምዕራብ በኩል ነው፤ ዋና ከተማውም ዓለም ከተማ ይባላል። ደጋው በድንገት ተቈርጦ የጀማ ወንዝ ከታች በጥልቁ ገደል ውስጥ ሲሄድ ይታያል፤ ጀማም ወርዶ ከዓባይ ይገባል። ጤፍና ማሽላ ከሚበቅልበት ከዚያ ቆላ ቆሞ ወደ ላይ ያየ ሰው፣ የገብሱ አገር ከደመናው በላይ የተቀመጠ ይመስለዋል።

በቀየት በኩል፣ ዘረት ከሚባለው ስፍራ፣ አመጸኛ ዋሻ የሚሉት ዋሻ አለ። በ1931 ዓ.ም. በሚያዝያ መጀመሪያ ከአርበኛው ከአበበ አረጋይ ሠራዊት ጋራ የነበሩ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚህ ዋሻ ተጠልለው ሳሉ የኢጣልያ ጦር ከበባቸው፤ በመርዝ ጋዝም መታቸው። በሕይወት የወጡትንም ወንዶች በጥይት ፈጃቸው። የሞቱት በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ናቸው። ይህ ነገር ለብዙ ዘመን ከአገሩ ሰው አፍ ሳይወጣ ኖሮ፣ በ1998 ዓ.ም. ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ የታሪክ መርማሪ በአገሩ የጦር መዝገብ ውስጥ ወረቀቱን አግኝቶ፣ ወደ ዋሻውም ሄዶ አይቶ ለዓለም ገለጠው። እኛ ልጆቻችንን ወደ ሐውልት ስንወስድ ይህን ዋሻ ሳንነግራቸው ማለፋችን አይገባኝም። የገዳዩ አገር ሰው ከመዝገብ ያወጣውን የሟቹ አገር ሰው ከመጽሐፉ ሊያጣው አይገባም።

አሁን ወደ ጓሳ እንለፍ፤ ምክንያቱም ይህ ደጋ ለዓለም የሚያሳየው ከዚህ የሚበልጥ ነገር ያለው አይመስለኝም። ጓሳ የሣር ስም ነው፤ ሣሩ የበቀለበትም ተራራ በሣሩ ስም ጓሳ ተባለ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር የሚደርስ፣ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ የሆነ ነው። ጅብራው እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ቆሞበት፣ አስታውና ጨረንፌው ተሰራጭቶበት፣ ከብዙዎቹ የመንዝ ወንዞች አያሌዎቹ ከእርሱ ይመነጫሉ። የመንዝ ሰው ቤቱን በድንጋይ ገንብቶ በጓሳ ይከድነዋል፤ ገመዱን ከጓሳ ይገምዳል፤ እረኛውም በክረምት የሚደፋው ገሳ የጓሳ ሥራ ነው።

ይህን የመሰለ ሣር ጠባቂ ባይኖረው ከጥቂት ዓመት የሚበልጥ ባልቈየም ነበር። ነገር ግን አስቦና ጌራ የሚባሉ ቀደምት አባቶች ለዘሮቻቸው የጋራ ርስት አድርገው እንደ ለዩት ይነገራል፤ ይህም በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። የአጠባበቁም ሥርዓት ቄሮ ይባላል። በየአጥቢያው አለቃ ይመረጣል። አለቆቹም ከሕዝቡ ጋራ ተማክረው ጓሳን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉታል፤ በዚያ ጊዜ ማጨድም ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው። ሣሩ ሲደርስ የሚከፈትበት ቀን ተቈርጦ ይነገራል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይወጣል፤ ክረምቱ ሲገባም በሐምሌ 5 ቀን፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ ለቅቆ ይወርዳል። ሕጉን የጣሰ ሰው ብርቱ ቅጣት ይቀጣል። እነሆ፣ ደን ጠባቂ የሚባል ሹም በአገራችን ሳይሾም፣ ስለ ዱር አራዊት አዋጅ ሳይታወጅ፣ ገበሬው በራሱ ሸንጎ ይህን ይሠራ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ግን የርስቱ ሥርዓት ፈረሰ፤ ከርስቱም ጋራ ቄሮው ወደቀ። ለአራሹ መሬት መድረሱ ፍትሕ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከዚያው ጋራ የአያቶች ጥበቃ ተጠራርጎ ሄደ። ጓሳም «የሁሉም» በተባለ ጊዜ እንደ ማንም ያልሆነ ሆነና ማንም እንደ ወደደ ያጭደውና ያሰማራበት ዠመር። ከብዙ ዘመን በኋላ የአካባቢው ሕዝብ በአዲስ መልክ ኮሚቴ አቁሞ መልሶ ያዘው፤ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ይጠበቃል።

በጓሳ ላይ ከሌላው ዓለም የማይገኙ ሁለት አራዊት ይኖራሉ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ። ጭላዳ ሣር የሚግጥ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ወንዱም ጎፈሩ እንደ አንበሳ የሆነ ነው። ቀይ ቀበሮ የደጋ አይጥ አዳኝ ነው። በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በጓሳ እንዲህ ያለ ነገር ገልጧል፤ ቀበሮው በጭላዳዎች መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ያህል ይቀናዋል፣ ለብቻው ሲያድን ግን ከመቶ 25 ጊዜ ብቻ። ግልገሎቻቸውን ሊበላ የሚችለው አውሬ ግልገል ሳይነካ በመካከላቸው ቀስ ብሎ ይመላለሳል፤ እነርሱም ዝም ይሉታል። ይህን ያነበብሁ ጊዜ በርስት ድንበር ሲከራከሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጎረቤታሞች ትዝ አሉኝ።

ከሣሩ ቀጥሎ በጉ ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ ትንሽ፣ ጅራቱ አጭርና ወፍራም፣ ጠጕሩም ሻካራ ነው። ብርዱንና የመኖ እጦቱን ግን የሚችል ብርቱ ፍጥረት ነው። ለማሻሻል ተብሎ አዋሲን የመሰለ ትልልቅ የውጭ በግ ተዳቅሎበታል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ የሞላሌና የመሐል ሜዳ ገበሬዎች ከራሳቸው መንጋ የተሻለውን አውራ እየመረጡ በኅብረት ማርባት ይዘዋል። በእኔ አሳብ ይህ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል፤ በጉ የብርዱን ትምህርት ከአያቶቹ ተምሮ ጨርሷልና።

ከጠጕሩ በርኖስ፣ ባናና ዝተት ይሠራል። ሴቶች ጠጕሩን አጥበውና ነድፈው በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል። ባናና ዝተት የመኝታ ልብስ ናቸው፤ በመንዝ ሌሊት ያደረ ሰው ክብራቸውን ያውቃል። በርኖስ ግን የክብር ካባ ነው። ከጥቍር በግ ጠጕር ተሠርቶ፣ በአንድ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ያለ ጫፍ የቆመለት ሆኖ፣ ባላባትም ዳኛም በበቅሎ ላይ ሲለብሰው ዝናብም ውርጭም አይደፍረውም ነበር። በ1950ዎቹ በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ከዚያም ወዲህ የውጭ አገር ካፖርትና ጃኬት በየገበያው ሞላ። ዛሬ በርኖስ የሚታየው በትልልቅ ሰዎች ትከሻና በበዓል ቀን ነው። የሚሠራው እጅ ካለፈ ደግሞ በበዓልም አይታይም።

በዚህ ነገር ሥራውን የናቅነው እኛ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሸማኔውንና ብረት ሠሪውን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። ስኮትላንዶችን እንይ። ሃሪስ በሚባለው ደሴትና በአጠገቡ ባሉት ደሴቶች ሕዝቡ በቤቱ የሚሸምነው፣ ሃሪስ ትዊድ የተባለ የሱፍ ጨርቅ አላቸው። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1985 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ በዚያው ደሴት ተፈትሎ በደሴተኛው እጅ በገዛ ቤቱ ካልተሸመነ በቀር ማናቸውም ጨርቅ በዚህ ስም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ስለዚህም ዛሬ የለንደን መኳንንት ደሴተኛው የሸመነውን ጨርቅ በውድ ዋጋ ይገዛሉ። የመንዝ በርኖስና ባናስ እንዲህ ያለ ሕግ ቢወጣላቸው ምን ይጎድላል? በጉ አለ፤ እንዝርቱ አለ፤ ስሙ ከጥንት የታወቀ ነው። የጎደለው ሥልጣን ያለው ሰው ፊርማ ነው፤ ይህን ከሚያነቡት መካከልም ብዕር የያዙ እንደማይታጡ አውቃለሁ።

የቀረን የማዕድ ነገር ነው። የመንዝ ማዕድ ንጉሡ ገብስ ነው። ገበሬው ሰናፍ ቆሎ፣ ማጌ፣ ፈረስ ጋማ፣ ጥቍር ገብስ እያለ በየስሙ ለይቶ ይዘራዋል፤ የበልግ ዝናብ የቀረ እንደ ሆነ ወይም ውርጭ የመታው እንደ ሆነ የቤቱ ሁሉ ነገር ይናጋል። ከገብስ እንጀራው፣ ጠላው፣ አረቄው፣ ገንፎው፣ ቅንጬውና ቆሎው ይገኛል። በሶ ግን የተለየ ማዕረግ አለው። ገብሱ ተቈልቶ፣ ተፈትጎ፣ ተፈጭቶ በስልቻ ከተያዘ በኋላ እሳት አያሻውም፤ ጥቂት ውሃና ጨው ካገኘ ምግብ ነው፤ ማር ከተጨመረበትም ለእንግዳ ይቀርባል። የቀድሞ ሠራዊት ጭስ ሳያሳይ አገር የሚያቋርጠው በዚህ ስንቅ ነበር። ዛሬ በከተማ ልጆቻችሁን በስኳር ብስኩት ወደ ተማሪ ቤት የምትሰዱ እመቤቶች ሆይ፣ ይህን ብታስቡበት መልካም ነው።

ስለ ጾም ወራት ደግሞ ሥልጆ አለ። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ እየተማሰለ እስኪወፍር ይቀቀላል። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የተደቈሰ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይገባበታል፤ በሸክላ ዕቃም ተከድኖ ጥቂት ቀን ይቀመጣል። ሳይቀዘቅዝ ሰናፍጩ የገባ እንደ ሆነ ኃይሉ ይጠፋል። መጀመሪያ አፍንጫን ያነጥሳል፤ ከገብስ እንጀራ ጋራ ሲበላ ግን ጿሚው ቅቤ አያምረውም። በዐቢይ ጾም መግቢያ ደርሶ እንዲገኝ የምትፈልግ ባለቤት በቅበላው ሳምንት ትዠምረው።