ስለ ጤና የሚተላለፉ ማስጠንቀቂያዎች



በኢሜይልና በስልክ ከሰው ወደ ሰው ስለሚተላለፉት የጤና ማስጠንቀቂያዎች ያለኝን ጥቂት አሳብ ለአንባብያን እንድታደርሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሰው በሽታ መጣ ሲባል ሰምቶ ለወዳጁ መንገሩ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን የሚደርሰን መልእክት ብዙውን ጊዜ የተጻፈበት ቀን የለው፥ አገሩ አይታወቅ፥ የጸሐፊውም ስም «አንድ ታላቅ ሐኪም» ከማለት አያልፍ፤ ከግርጌው ግን «ለ10 ሰው ሳትልክ እንዳታድር» የሚል ትእዛዝ አለበት። እኛ መምህራን ተማሪ ስለ መቅረቱ የሚያመጣውን ወረቀት እንኳ ቀንና ፊርማ ከሌለው አንቀበልም።

በ2006 ዓ.ም. ኢቦላ ናይጄሪያ በገባ ጊዜ የጨው ውሃ መጠጣት ከበሽታው ያድናል የሚል ወሬ ተሠራጨ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር እንዳስታወቀው፥ ይህን አምነው ከጠጡት ውስጥ ቢያንስ 2 ሰዎች ሞተዋል። ወሬውን ካስተላለፉት መካከል ብዙዎቹ ወዳጆቻቸውን ለማዳን የቸኰሉ ሰዎች እንደ ነበሩ አልጠራጠርም።

በአገራችንም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በየትምህርት ቤቱ መሰጠት ጀመረ። ይህ ካንሰር ከሞላ ጐደል ሁልጊዜ የሚመጣው ኤች ፒ ቪ ከሚባለው ቫይረስ ነው፤ ክትባቱም ይበልጥ የሚጠቅመው ቫይረሱ ሳይዝ በፊት ስለ ሆነ በልጅነት ይሰጣል። ወዲያው «መካን ያደርጋል» የሚል መልእክት ይዞር ጀመር፤ ለዚህ ግን አንዳች ማስረጃ አልተገኘለትም። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት በአንደኛው የክትባት ቀን ከክፍሌ 4 ልጃገረዶች ቀሩ። ወላጆቻቸውን ባነጋግር መልእክቱን አሳዩኝ። አንዲት እናት፥ «የላከችልኝ እኮ እኅቴ ናት፤ እኅቴ ትዋሸኛለች?» አሉኝ።

እኅታቸው አልዋሹም፤ የተቀበሉትን አሳለፉ እንጂ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተቀባዩ የሚያምነው የላከለትን ሰው ነው፤ የላከው ሰው ግን ያየም የመረመረም አይደለም። ስለዚህ መልእክት ያሳለፈ ሁሉ ሳያውቀው ፊርማውን አኑሮበታል። ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት የተባለውም ለዚህ ይመስለኛል። ከመላካችን በፊት የላከልንን ሰው ከወዴት እንዳገኘው እንጠይቀው፤ ቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ እንጠይቅ። እውነተኛ ማስጠንቀቂያም ቢሆን ቀኑ ከጠፋ ያሳስታል፤ ከዓመታት በፊት ከገበያ ስለ ተሰበሰበ መድኃኒት የተጻፈ ማስታወቂያ ዛሬ እንደ አዲስ ቢዞር በሽተኛው ደኅናውን መድኃኒቱን ሊጥል ይችላል። ስሕተት መሆኑ የታወቀ እንደ ሆነም ማረሚያውን መልእክቱ ለደረሳቸው ለነዚያው ሰዎች መላክ ይገባል፤ ይህን ሲያደርግ ያየሁት ሰው ግን ጥቂት ነው።

የጤና መሥሪያ ቤቶችም ከወቀሳ አያመልጡም። ወሬው ማታ ሲደርስ የእነርሱ ማብራሪያ ሳምንት ይፈጃል። ክትባት ከመሰጠቱ 15 ቀን አስቀድሞ ቀኑ፥ የኀላፊው ስምና ስልክ ቍጥር ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት በየተማሪው እጅ ለወላጅ ቢላክ፥ እኛ መምህራን ለማደልም ለማስረዳትም ዝግጁ ነን።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ