ዝምታ እርጋታ አይደለም፦ ወለጋ ያልተቆጠረችበት የኮሮና ሰሞን

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱን ሲያስታውቅ ፌስቡክና ቴሌግራም ተናወጡ። አንዱ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ያድናል ይላል፣ ሌላው ፈረንጅ አመጣብን ብሎ ይራገማል፣ ሌላው ጸሎት ያውጃል። "የሕዝቡ ስሜት ይኸው" ያለም ብዙ ነበር።

የትኛው ሕዝብ?

በዚያች ቀን ምዕራብ ወለጋ፣ ቄለም ወለጋና ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ከተቋረጠባቸው 70 ቀን ሆኗቸው ነበር። ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ ስልክ የሚሠራው በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ነበር፤ ኢንተርኔቱ እዚያም ተዘግቷል። ሂዩማን ራይትስ ዎች ይከፈት ብሎ የጠየቀው ታማሚው ከመገኘቱ 4 ቀን ቀድሞ ነው። መስመሩ የተመለሰው ግን መጋቢት 22 ነው።

እነዚያ 18 ቀናት ተራ ቀናት አልነበሩም። አገሩ ሁሉ "እጃችሁን ታጠቡ" ሲባባል፣ ጊምቢ ላይ ልጁ ያተኮሰው አባት ደውሎ የሚጠይቀው አልነበረውም። የዚያ አባት ፍርሃት በማንም ትንታኔ ውስጥ አልገባም። በሰንጠረዡ ላይ ወለጋ የተረጋጋች ትመስላለች።

መንግሥት ጸጥታን ማስከበር ሥራው ነው፤ በአካባቢው የታጠቀ ኃይል መንቀሳቀሱም እውነት ነው። ነገር ግን ታጣቂን ለማዳከም ተብሎ የወላድንና የበሽተኛን ስልክ መዝጋት ሌላ ነገር ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ ራሱን መንግሥትን ያሳውረዋል።

መስመር ሲኖርም ልኬቱ ይስታል። ቃል ቆጥሮ ስሜት የሚለይ ፕሮግራም "በሳቅ ገደለኝ" የሚለውን ሞት ብሎ ይመዘግባል፤ "ጎበዝ መንግሥት አለን!" የሚለውን ሽሙጥ ምስጋና ያደርገዋል። የነቀምቴ ሰው ደግሞ በአብዛኛው የሚጽፈው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። በእንግሊዝኛና በአማርኛ ብቻ የሚለቅም ተንታኝ እሱን አያገኘውም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበው 1,157 ሰዎች ሞተዋል፤ ከሕሙማኑ 44 በመቶው በኦሮሚያ ናቸው። አዲስ አበባ ደጋ ናት፤ ብዙ ተከታይ ያለው ጸሐፊ ሰፈር ወባ የለችም። ስለዚህ የወባን ክብደት በጩኸት ብዛት የሚመዝን ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል።

የሕዝብን ስሜት ማወቅ የፈለገ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይጠይቅ፤ ምን እንደሚወራ ከማንም ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ገበያውን፣ ዕድሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን ያዳምጥ። የነጻ ስልክ መስመሮች ጥያቄ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ፣ ከየትኛው ደግሞ ጨርሶ እንዳልመጣ ይመርመር። በወረርሽኝ ጊዜ ስልክ አለመቁረጥም በሕግ ይደንገግ።

ድምፁ ያልተሰማ ሰው አልተጨነቀም ማለት አይደለም። ምናልባት መስመሩን የዘጋበት አለ።