የመርከቡን ዋጋ የሚወስነው የትንሹ ልጅ ዕድሜ ነው

በጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ኤም.ኤስ.ሲ. የሚሉትን ፊደላት አሳምሮ ያውቃቸዋል። በኮንቴይነር ጎን ላይ በትልቁ ተጽፈው ሲያያቸው ኖሯል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቫ የሚገኘውና የአፖንቴ ቤተሰብ ንብረት የሆነው ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በኮንቴይነር ጭነት የዓለም አንደኛ ሆኗል። በሌላው እጁ ግን ሕፃናት ውሃ የሚራጩባቸው፣ እናትና አባት እግራቸውን ዘርግተው የሚያርፉባቸው የመዝናኛ መርከቦችን ያንቀሳቅሳል። ሰውየው የጭነት ውል ሲፈርም ሠላሳ ጊዜ ያሰላል፤ ለሚስቱና ለልጆቹ የመርከብ ሽርሽር ሲገዛ ግን በማስታወቂያው ላይ ያለውን ዋጋ አይቶ ብቻ ይከፍላል።

ጉዳዩ ከአዲስ አበባ የራቀ ቢመስልም ያን ያህል አልራቀም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የባልቲሞር ወደብ በመኪና የአንድ ሰዓት ገደማ መንገድ ነው። ዘመድ ዘመዱን ይጋብዛል፣ ከአገር ቤት የሄደውም አብሮ ይሳፈራል። ጥያቄውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ካርኒቫል ይሻላል፣ ሮያል ካሪቢያን፣ ዲዝኒ ወይስ ኤም.ኤስ.ሲ.?»

ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ትናንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከኩባንያው ስም በፊት መጠየቅ ያለበት ትንሹ ልጅ ስንት ዓመቱ እንደሆነና ዳይፐር መተው አለመተዉን ነው። ይህ ሳይታወቅ የሚደረግ የዋጋ ንጽጽር ሁሉ ዋጋ የለውም።

በመጀመሪያ ኩባንያዎቹ ከምን እንደሚያተርፉ መመልከት ይበጃል። ካርኒቫል፣ ሮያል ካሪቢያንና ኖርዌጂያን አክሲዮናቸው በኒውዮርክ ገበያ የሚሸጥ በመሆኑ ሒሳባቸው በይፋ ይታያል። ካርኒቫል በ2024 ወደ 25 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ያስመዘገበ ሲሆን፣ በሦስቱም ዘንድ ከጠቅላላው ገቢ ሲሶ ገደማ የሚሆነው ከትኬት ሳይሆን ተሳፋሪው መርከቡ ላይ ከገባ በኋላ ከሚያወጣው ገንዘብ ነው። መጠጡ፣ ኢንተርኔቱ፣ ፎቶግራፉ፣ ቁማሩ፣ በየወደቡ የሚደረገው ጉብኝት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። በ2020 ወረርሽኙ መርከቦቹን ከአንድ ዓመት በላይ አስሮ በዕዳ ከዘፈቃቸው በኋላ ደግሞ ኩባንያዎቹ ይህን ገቢ ይበልጥ ይሹታል።

ስለዚህ የማስታወቂያው ዋጋ አስመጪዎች ኤፍ.ኦ.ቢ. ከሚሉት ጋር ይመሳሰላል። ዕቃው መጋዘን ሲደርስ ስንት እንደሚያወጣ አይናገርም። ዋጋው የሚለጠፈው በአንድ ክፍል ሁለት ሰዎች ያድራሉ በሚል ስሌት ለአንድ ሰው ነው። በዚያ ላይ የወደብ ክፍያና ግብር ይጨመራል። «ሕፃናት በነፃ» የሚለው ማስታወቂያም ቢሆን ይህን ክፍያ አያስቀርም፤ ብዙውን ጊዜም በበዓልና በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰሞን አይሠራም። ከዚያ ቲፑ ይመጣል። ዛሬ በመደበኛ ክፍል ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ይቆረጣል። በቀን 18 ዶላር ቢሆን ለአራት ሰዎች በሰባት ሌሊት 504 ዶላር መሆኑ ነው። ካርኒቫል ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቲፕ አይጠይቅም። ሮያል ካሪቢያንና ዲዝኒ ግን ጡት ከሚጠባውም ያስከፍላሉ። ሕፃኑ አስተናጋጁን ምን አዞት ነው የሚለው ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የመርከብ ሽርሽር ለወላጅ ዋጋ የሚኖረው ልጁን ለጥቂት ሰዓት የሚረከብ ሰው ሲገኝ ነው። ያ ካልሆነ ወላጅ የገዛው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በባሕር መካከል፣ ያንኑ የቤቱን ሥራ ነው። በሮያል ካሪቢያን ነፃው የልጆች ክበብ የሚቀበለው ከ3 ዓመት ጀምሮ ሆኖ፣ ልጁ ሽንት ቤት መጠቀም የለመደ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ያለው የሚገባው በሰዓት ወደሚከፈልበት የሕፃናት ማቆያ ነው፤ እሱም በሁሉም መርከብ ላይ አይገኝም። የዲዝኒ ደንብም ከዚህ ብዙም አይለይም፤ ክበቡ ከ3 ዓመት ጀምሮ ነፃ ሲሆን፣ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ላሉት ማቆያው በክፍያ ነው። ካርኒቫል ግን ከ2 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል፣ ዳይፐር ያልተወ ልጅንም አይመልስም፣ ክፍያም የለውም። ኤም.ኤስ.ሲ. ከጣሊያኑ ቺኮ ጋር በመተባበር ከ3 ዓመት በታች ላሉት ያዘጋጀው ክበብ አለው፤ ሰዓቱ ግን ውስን ነው።

ይህች ትንሽ ልዩነት የገበያውን ደረጃ ትገለብጠዋለች። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ላለው ቤተሰብ፣ ብዙዎች «የተራው ሰው መርከብ» እያሉ የሚያቃልሉት ካርኒቫል ከሁሉም የተሻለ ግዢ ሊሆን ይችላል። ስድስት ወር ቆይቶ ያው ልጅ ሦስት ዓመት ሲሞላውና ዳይፐሩን ሲተው ሒሳቡ ይለወጣል።

በመዋኛው በኩል ያለውም እንዲሁ ነው። ዳይፐር ያልተወ ልጅ፣ የዋና ዳይፐር ቢያደርግም እንኳ፣ ከዋናው መዋኛ ገንዳ አይገባም። የተፈቀደለት ለእሱ በተለየችው የውሃ መራጫ ቦታ ብቻ ነው። ወላጅ በፎቶ ያየውን ሰማያዊ ገንዳ አስቦ ከፍሎ፣ ልጁን ገንዳው ዳር ይዞ ሲያለቅስበት ይውላል። ጥበቃም ሌላው ጉዳይ ነው። ዲዝኒ ከ2013 ወዲህ፣ ሮያል ካሪቢያን ደግሞ ከ2017 ጀምሮ በመዋኛው ዳር ዋናተኛ ጠባቂዎች አቁመዋል። በሌሎች መርከቦች ላይ ግን ጠባቂ እንደሌለ የሚናገር ሰሌዳ ብቻ ሊገኝ ይችላል። ለትንሽ ልጅ ወላጅ ይህ ከአምስት ዓይነት ምግብ ቤት ይበልጣል፤ በማስታወቂያው ግን በትልቁ የሚጻፈው ምግብ ቤቱ ነው።

ዲዝኒ ውድ ነው ይባላል፣ እውነትም ውድ ነው። የመጀመሪያ መርከቡን በ1998 ከማሰማራቱ በፊት ስሙ በልጆች ዘንድ የታወቀ ስለነበረ ለስሙም ያስከፍላል። ይሁን እንጂ ዋጋውን በወላጁ የዕረፍት ሰዓት አካፍሎ ላየው ሰው ልዩነቱ ይጠባል። ክበቡ እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ያለተጨማሪ ክፍያ ክፍት ነው፤ ሌሎቹ ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በሰዓት ማስከፈል ይጀምራሉ። አብዛኛው መኝታ ክፍል መታጠቢያውና ሽንት ቤቱ የተለያየ ከመሆኑም በላይ የገላ መታጠቢያ ገንዳ አለው። ሁለት ሕፃናትን በሻወር ሥር አጥቦ የሚያውቅ ሰው የዚህን ዋጋ አይጠይቅም። ከ3 እስከ 8 ዓመት የሆኑ ሁለት ልጆች ላሉት ቤተሰብ ዲዝኒ የቅንጦት ግዢ ነው ብሎ መደምደም የችኮላ ፍርድ ነው። የአንድ ዓመት ሕፃን ብቻ ላለው ግን ሚኪ ማውስን ለማያውቅ ልጅ ለሚኪ ማውስ መክፈል ነው።

ገዢውን የሚያሳስተው ሌላው ነገር የኩባንያውን ስም ከመርከቡ ጋር ማምታታት ነው። ሮያል ካሪቢያን በጥር 2024 ሥራ ያስጀመረው «አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ» 20 ፎቅ ያለው፣ እስከ 7,600 ተሳፋሪ የሚይዝ፣ ለትናንሽ ልጆች ለብቻው የተከለለ ሰፈር ያለው መርከብ ነው። የሚነሳው ከማያሚ ነው። በዚያው ኩባንያ ሥር ከባልቲሞር ሲነሳ የቆየው «ቪዥን ኦፍ ዘ ሲስ» ግን በ1998 የተሠራ፣ ትንሽና የውሃ መንሸራተቻ የሌለው ነው። የአንዱን ፎቶ አይቶ የሌላውን ትኬት የሚገዛ ሰው ይኖራል፤ ትኬቱ ረከሰልኝ ብሎም ይደሰታል። እውነት ለመናገር ትንሹ መርከብ ለሕፃናት መጥፎ አይደለም። ሰልፉ ያጥራል፣ ልጅ የመጥፋት ሥጋቱም ይቀንሳል፣ ለማያሚ የአውሮፕላን ትኬትም አይከፈልም። ምን እንደሚገዛ አውቆ የገዛው አይቆጭም።

ትኬት የሚሸጠው ወኪልስ? ወኪሉ የሚከፈለው ከኩባንያው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከመሠረታዊው ትኬት 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ኮሚሽን ያገኛል፣ ከወደብ ክፍያና ከግብሩ ግን አያገኝም። ደላሎች ይህን አሠራር ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። ውድ ክፍል የሸጠ የበለጠ ያገኛል፤ ልጁ ከክበቡ በር ላይ ቢመለስ ከወኪሉ ኪስ የሚወጣ ነገር የለም። ጥሩ ወኪል አለ፤ የሚለየውም ከዋጋ በፊት የልጆቹን የልደት ቀን በመጠየቁ ነው።

ልጆቹ ትምህርት ያልጀመሩ ወላጆች በዚህ ገበያ አንድ ትልቅ ጉልበት አላቸው፣ ብዙዎቹ ግን አይጠቀሙበትም። ዋጋው የሚንረው በገናና በበጋ የትምህርት ዕረፍት ነው። እነሱ ደግሞ የትምህርት ካላንደር አይዛቸውም። በጥርና በመስከረም ያው ክፍል በእጅጉ ይረክሳል። የመስከረሙ ርካሽነት ምክንያት አለው፤ በካሪቢያን አካባቢ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። መርከቡ ነፋሱን ሸሽቶ ሌላ ወደብ ሊሄድ ይችላል፣ ለቀረው ወደብም ካሳ የመክፈል ግዴታ እንደሌለበት በውሉ ላይ አስቀድሞ ጽፏል። ለአራት ዓመት ልጅ ግን አንዱ አሸዋ ከሌላው አይለይምና ይህ አደጋ ለእነሱ ከሌላው ያነሰ ነው።

ከአገር ቤት ሄዶ ለሚሳፈር ሰው ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ከማያሚ ወይም ከባልቲሞር የሚነሳ መርከብ ባሃማስን ነክቶ ሲመለስ ተሳፋሪው ከአሜሪካ ወጥቶ እንደገና ይገባል ማለት ነው። አሜሪካ ደግሞ በጁላይ 2025 ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጎብኚ ቪዛ ወደ አንድ ጊዜ መግቢያና ወደ ሦስት ወር ዝቅ አድርጋለች። የአውሮፓ ኅብረትም በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የብዙ ጊዜ መግቢያ የሸንገን ቪዛ እንዳይሰጥ አድርጓል። ከባርሴሎና ተነስቶ ቱኒዝን ወይም ኢስታንቡልን የሚነካ መርከብ ከሸንገን ይወጣል። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የያዘ ሰው የመርከቡን መስመር ወደብ በወደብ ሳያነብ መክፈል የለበትም። ልጆቹ የአሜሪካ ዜጎች ሆነው አያታቸው በጎብኚ ቪዛ ያሉበት ቤተሰብ በተለይ ይጠንቀቅ፤ ከ16 ዓመት በታች ያለው ዜጋ ከአሜሪካ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ መርከብ በልደት ምስክር ወረቀት መመለስ ሲችል፣ አያቱ ከመሳፈሪያው ልትመለስ ትችላለች።

ስድስት ወር ያልሞላውን ሕፃን በአብዛኛው አንዱም አይቀበልም፤ ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ጉዞ ደግሞ 12 ወር ይጠየቃል። በመርከቡ ላይ ያለው ክሊኒክ ትንሽ ነው፣ ሕክምናውም በክፍያ ነው። ከባሕር ላይ በሄሊኮፕተር የመነሳት ወጪ የሽርሽሩን ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል፣ በመድን ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

የሚቀረው ቀብዱ ነው። ርካሹ ትኬት ብዙውን ጊዜ የማይመለስ ቀብድ ያለበት ነው፤ የሚመለስ ቀብድ ያለው ትንሽ ይወደዳል። ቀሪው ሒሳብ የሚጠየቀው ከጉዞው 90 ቀን አካባቢ በፊት ነው። ለሁለት ዓመት ልጅ 90 ቀን ረጅም ጊዜ ነው፤ በዚያ ውስጥ ዳይፐሩን ሊተው ይችላል፣ ላይተውም ይችላል። የሚመለሰውን ቀብድ የከፈለ ቤተሰብ በዚያ ቀን ልጁን አይቶ ጉዞውን ያጸናል ወይም ወደ ጥር ያዛውራል። የማይመለሰውን የከፈለው ግን ልጁ በጊዜው እንዲደርስለት እየለመነ ሦስት ወር ይቆያል።